ሽፋኑ አይዘፍንም፦ ስለ ድሮ ባዶ ካሴቶች ለወጣው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ስለ ድሮ ባዶ ካሴቶች የድምፅ ጥራት የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ከወዳጆቼ ሦስቱ በተለያየ ቀን ልከውልኝ አነበብኩት። ጸሐፊው ለካሴት ያላቸው ፍቅር በየመስመሩ ይታያል፤ በዚህ በኩል ቅሬታ የለኝም፣ እኔም የዚያው ፍቅር ተጠቂ ነኝ። ያሉት ነገር ባጭሩ ሲቀመጥ እንዲህ ነው፦ ክሮምና ሜታል ካሴቶች ተራውን ካሴት በሁሉም ነገር ይበልጣሉ፤ «ሽሽሽ» የሚለው ድምፅ ክሩ የማርጀቱ ምልክት ነው፤ ባለ 120 ደቂቃው ከባለ 90 ደቂቃው በጥራት አይለይም፤ ፕላስቲኩ ያልተቀደደ ካሴት ዛሬም ከፋብሪካ እንደወጣ ነው፤ የተበላሸውን ምድጃ ውስጥ ማቆየት ያድነዋል፤ ካሴት በድምፅ ከሲዲ ይበልጣል፤ በመጨረሻም፣ እሽጉ ያልተከፈተ ካሴት ያጣ ሰው በየቤቱ ተከማችተው ከሚገኙት ካሴቶች ስም ያላቸውን መርጦ፣ በላያቸው ያለውን አጥፍቶ እንደ ባዶ ሊገለገልባቸው ይችላል።

በወጣትነቴ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሙዚቃ ቤት ካሴት እየቀዳሁ ጥቂት ዓመታት ሠርቻለሁ፤ አሁን ደግሞ ሰዎች የሚያመጡልኝን የቤተሰብ ካሴት ወደ ኮምፒውተር አዛውራለሁ። ከተዘረዘሩት ነጥቦች መካከል በከፊል እውነት የሆኑ አሉ፣ ፈጽሞ ስህተት የሆኑም አሉ። የመጨረሻው ምክር ግን ከስህተትም አልፎ የማይመለስ ጉዳት የሚያደርስ ስለሆነ ይህን ምላሽ እንድጽፍ ያስገደደኝ እሱ ነው። ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ግን ጸሐፊው ባስቀመጡት ቅደም ተከተል ልሂድ።

ለክሮም ካሴት ምሳሌ ያደረጉት የጃፓኑ ቲዲኬ ኩባንያ የሠራውን ኤስኤ የተባለ ካሴት ነው። ኤስኤ እ.ኤ.አ. በ1975 ለገበያ ከቀረበበት ጊዜ ጀምሮ በክሩ ላይ ክሮም ኖሮት አያውቅም። ክሮሚየም ዳይኦክሳይድን ለድምፅ ክር ያበቃው የአሜሪካው ዱፖንት ኩባንያ ሲሆን፣ ቲዲኬ ግን ያንን ከመከተል ይልቅ የተለመደውን የብረት ኦክሳይድ ዱቄት በኮባልት ለብጦ የክሮም ዓይነት ጠባይ እንዲኖረው አደረገ። የሌላው የጃፓን ኩባንያ የማክስል ኤክስኤል ቱም በዚሁ መንገድ የተሠራ ነው። እውነተኛውን ክሮም የሙጥኝ ብሎ ለረጅም ጊዜ የቆየው የጀርመኑ ቢኤኤስኤፍ ነበር። ስለዚህ ጸሐፊው «የክሮም ድምፅ» ብለው ያወደሱት ነገር በስም እንጂ በግብር ክሮም አይደለም፤ ያወደሱት ኮባልት የተቀባ ብረት ነው።

ይህን ያነሳሁት ስህተት ለመልቀም አይደለም። ኬሚካላቸው የተለያየ ካሴቶች ሁሉ «ታይፕ ቱ» በሚል አንድ ስም የሚጠሩት ለመቅረጫው መሣሪያ የሚሰጡት ትእዛዝ አንድ ስለሆነ ነው፤ ታይፕ ዋን (ተራው)፣ ታይፕ ቱ (ክሮምና መሰሎቹ)፣ ታይፕ ፎር (ሜታል) የሚለው ቁጥርም መሣሪያው እንዴት መስተካከል እንዳለበት ይናገራል እንጂ እንደ ትምህርት ቤት ውጤት የደረጃ ቁጥር አይደለም። ካሴት ሲቀረጽ መሣሪያው ከሙዚቃው ጋር ጆሮ የማይሰማው እጅግ ፈጣን ሞገድ አብሮ ወደ ክሩ ይልካል፤ ባያስ የሚባለው ይህ ነው። ታይፕ ቱ ከተራው ካሴት 1.5 እጥፍ ያህል፣ ሜታል ደግሞ 2.5 እጥፍ ያህል ባያስ ይፈልጋል። ባያሱ ሲያንስ ትሬብሉ (ቀጭኑ ድምፅ) ከመጠን በላይ ይጮኻል፣ ድምፁም ይዛባል፤ ሲበዛ ደግሞ ትሬብሉ ይታፈናል። ለሜታል ባልተሠራ ዴክ (የካሴት መቅጃ መሣሪያ) ላይ ሜታል ካሴት የጨመረ ሰው የቀድሞውን ድምፅ እንኳን በቅጡ ማጥፋት አይችልም፤ አሮጌው ዘፈን ከአዲሱ ሥር ሆኖ ሲያንሾካሹክ ይሰማል። ያ ሰው ለካሴቱ የከፈለው ገንዘብ ድምፁን አላሻሻለውም፣ አበላሸው እንጂ።

ጸሐፊው «በጆሮዬ አረጋግጫለሁ» ላሉት ሙከራ ደግሞ ሌላ ማብራሪያ አለው። እንደገለጹት ሁለቱንም ካሴቶች በአንድ ጥሩ ዴክ ቀድተው በቤታቸው ባለችው ባለ እጀታ ቴፕ አጫወቱአቸው፤ ኤስኤው «ጥርት ያለ ብሩህ» ሆኖ አገኙት። ብሩህ ሆኖ መሰማቱን አልጠራጠርም። ዴኩ ታይፕ ቱን ሲቀዳ ትሬብሉን ከተራው ካሴት ይልቅ ከፍ አድርጎ ክሩ ላይ ያሳርፈዋል፤ ሲያጫውት ደግሞ ያንኑ ያህል መልሶ ይቀንሰዋል፤ አብሮትም «ሽሽሽ» የሚለው ድምፅ ይቀንሳል። ይህ በቁጥር ሲገለጽ ለተራው 120 ማይክሮሰከንድ፣ ለታይፕ ቱና ለሜታል 70 ማይክሮሰከንድ የሚባለው ነው። አብዛኞቹ የእጅ ቴፖች ይህን የሚቀይር ቁልፍ ስለሌላቸው ሁሉንም ካሴት በ120 ያጫውታሉ፤ ስለዚህ በ70 የተቀዳው ካሴት ትሬብሉ ሳይቀነስለት፣ ከላይኛው ጫፍ እስከ 4.7 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ከፍ ብሎ ይወጣል። ጸሐፊው የወደዱት የካሴቱን ጥራት ሳይሆን ቴፓቸው ያልሠራውን ሥራ ነው። ተራውን ካሴት አስገብተው የትሬብሉን ቁልፍ ትንሽ ቢያዞሩት ኖሮ የወደዱትን ድምፅ ያለ ምንም ወጪ ያገኙት ነበር።

የተሻሉት ተራ ካሴቶች፣ ለምሳሌ የማክስል ኤክስኤል ዋን ኤስ፣ በቤዝና በመካከለኛው ድምፅ ሳይዛቡ የሚሸከሙት መጠን ከብዙ ታይፕ ቱ ካሴቶች ይበልጥ ነበር፤ የእውነተኛው ክሮም ደካማ ጎንም እዚሁ ላይ ነው። የታይፕ ቱ ትርፉ የጀርባው ጸጥታ ነው። የሜታል ትርፍ ደግሞ የላይኛው ትሬብል ብዙ ኃይል ሲኖረው ሳይጠግብ መሸከሙ ነው። እዚህ ላይ ለጸሐፊው ልመሰክርላቸው የምችለው አንድ ነገር አለ። ማኅሌት የቀረጸ ሰው ያውቀዋል፦ ተራ ካሴት ከበሮውንም የሊቃውንቱንም ድምፅ በወጉ ይይዝና ጸናጽሉ ላይ ሲደርስ ይሰንፋል፤ ያ የሚያንጸባርቅ የብረት ድምፅ ደብዝዞ እንደ አሸዋ ይሆናል። በትክክል የተስተካከለ ዴክ፣ ጥሩ ማይክሮፎንና ሜታል ካሴት ያለው ሰው እዚያ ላይ ልዩነቱን ይሰማዋል። ነገር ግን አብዛኛው የማኅሌት ካሴት የተቀረጸው ማይክሮፎኑ ከገላው ጋር አብሮ በተሠራ ትንሽ ቴፕ ነው፤ እነዚህ ቴፖች የድምፁን መጠን ራሳቸው ስለሚቆጣጠሩ ከበሮው በተመታ ቁጥር ሁሉንም ነገር ዝቅ አድርገው ቀስ ብለው ይመልሱታል፤ ድምፁ የሚተነፍስ ይመስላል። ይህን ሜታል ካሴትም አያድነውም።

ወደ «ሽሽሽ» ድምፅ እንለፍ። ይህ ድምፅ ከማርጀት ጋር አይገናኝም፤ አዲስ ካሴትም ፋብሪካ በር ላይ ተከፍቶ ቢሰማ «ሽሽሽ» ይላል። የብረት ዱቄቱ ቅንጣቶች ፍጹም እኩል ሆነው ሊደረደሩ ስለማይችሉ የሚመጣ ሲሆን፣ ክሩ በጠበበና ፍጥነቱ በቀነሰ ቁጥር ጎልቶ ይሰማል። እ.ኤ.አ. በ1963 ፊሊፕስ በርሊን ላይ ያሳየው ካሴት 3.81 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ክር በሴኮንድ 4.76 ሳንቲሜትር ብቻ የሚጓዝበት ነው፤ በስቱዲዮ የሚሠራበት ትልቁ ሪል ግን ወርዱ 6.3 ሚሊሜትር ሲሆን በሴኮንድ 19 ወይም 38 ሳንቲሜትር ይጓዛል። ካሴቱ ለንግግር መቅጃ ታስቦ የተሠራ ነበር፤ ለሙዚቃ መብቃቱ ራሱ የሚደነቅ ነው።

በእጅ የደረሰ ካሴት ከልክ በላይ ቢያሰማ ምክንያቱን ከዕድሜው በፊት ከታሪኩ መፈለግ ይሻላል። ከቅጂ ቅጂ የተቀዳ ከሆነ በእያንዳንዱ ዙር የሁለቱም ክሮች «ሽሽሽ» ይደመራል፤ እኩል ጥራት ባላቸው ክሮች የመጀመሪያው ቅጂ 3 ዴሲቤል ያህል ይጨምራል፣ እያለ ይሄዳል። በእኛ አገር «ኦሪጅናል» የተባለው ሳይቀር ከየት እንደተቀዳ የማይታወቅበት ጊዜ ስለነበረ፣ ብዙ ሰው «ካሴቱ አርጅቶ ነው» የሚለው ድምፅ ካሴቱ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ አብሮት የነበረ ነው። ዶልቢ (ሲቀዳ ትሬብሉን ከፍ አድርጎ፣ ሲያጫውት መልሶ በመቀነስ «ሽሽሽ»ን የሚያዳክም ዘዴ) በርቶ ተቀድቶ ዶልቢ በሌለው ቴፕ የሚሰማ ካሴትም እንዲሁ ትሬብሉም «ሽሽሽ»ውም ጎልቶ ይወጣል፤ ዶልቢ ቢ የተባለው ዓይነት ሲያጫውት በትክክል ሲፈታ ግን ያንን ድምፅ 10 ዴሲቤል ያህል ይቀንሰዋል።

ስለ ባለ 120 ደቂቃው ብዙ አልናገርም። የባለ 60 ደቂቃው ክር ከ16 እስከ 18 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው)፣ የባለ 90ው 12 ማይክሮን ገደማ፣ የባለ 120ው 9 ማይክሮን ያህል ውፍረት አለው። የሳሳው ክር ይለጠጣል፣ ክሩን በምትስበው ጎማ ላይ ይጠመጠማል፣ ካሴት የሚበላ ቴፕ ካለዎትም መጀመሪያ የሚበላው እሱን ነው። በተጨማሪም የአንዱ ዙር ድምፅ በቀጣዩ ዙር ላይ ይታተምና ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት የራሱ ጥላ ይሰማል። ስለዚህ «አይለይም» የሚለው ትክክል አይደለም።

እሽጉን በተመለከተ፣ ያ ስስ ፕላስቲክ አቧራን ይከለክላል እንጂ ጊዜን አያግድም፤ ሙቀትም ያልፈዋል፣ ከብዙ ዓመት በኋላ እርጥበትም ያልፈዋል። ሆኖም ጸሐፊው «ሙቀት ማግኔቱን ያጠፋዋል» ሲሉ የሰጡት ማስጠንቀቂያም መሬት አይነካም። የተራው ካሴት የብረት ዱቄት ማግኔትነቱን የሚያጣው ከ550 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ነው፤ ክሮም እንኳን 120 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። ጅቡቲ ወይም ጅዳ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ የተረሳ ካሴት ከዚያ በፊት ገላው ይጣመማል። ሙቀት የሚጎዳው ዱቄቱን ከክሩ ጋር ያጣበቀውን ሙጫ፣ የፕላስቲኩን ገላና ያንን የዙር በዙር ጥላ ነው።

እኔ ጋ ከሚመጡት እሽግ ካሴቶች መካከል ክሩ የተበላሸበት ጥቂት ነው፤ የተለመደው ብልሽት ትንሿ ስፖንጅ ናት። ክሩን ሄዱ (ድምፁን ክሩ ላይ የሚቀዳውና የሚያነበው የቴፑ ክፍል) ላይ የምትጫነው ያቺ የጣት ጥፍር የምታህል ስፖንጅ የተጣበቀችበት ማስቲሽ ይደርቅና ትወድቃለች፤ ካሴቱ ሲጫወት ድምፁ ይርቃል፣ ይመጣል፣ ይጠፋል። ገዢው «የተታለልኩት ዕቃ ነው» ይላል። ገላው በብሎን የተገጠመ ከሆነ በትንሽ ካቻቪቴ ከፍቶ ክሩን ወደ ሌላ ጤነኛ ገላ ማዛወር የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፤ ተጣብቆ የተዘጋ ከሆነ ግን በጥንቃቄ መሰንጠቅ ያስፈልጋል። ጸሐፊው ስለዚህ አንድ ቃል አለመጻፋቸው አስገርሞኛል፣ ምክንያቱም እሽግ ካሴት የሚሰበስብ ሰው በመጀመሪያው ወር የሚገጥመው ይህ ነው። ሌላው ያልጠቀሱት ነገር ማስመሰያው ነው። የታወቀ ስም የተጻፈበት ሽፋን ውስጥ ማንነቱ የማይታወቅ ክር የተጠቀለለባቸው ካሴቶች በገበያው ሞልተው ነበር፤ እኔ ራሴ ከአንድ ነጋዴ በካርቶን ገዝቼ ሄዱን በየሰዓቱ በአልኮል ስጠርግ የዋልኩበትን ሳምንት አልረሳውም፤ ጥጡ በጠረግኩ ቁጥር ቡና የነካው ይመስል ነበር።

ምድጃው ላይ ስመጣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አይሆንም ማለት አለብኝ። ክርን በለዘብተኛ ሙቀት ማድረቅ የሚባል ሕክምና በእርግጥ አለ። ነገር ግን እሱ የታሰበው ጀርባቸው ላይ ተጨማሪ ቅብ ላላቸው፣ በተለይም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ለተሠሩ የተወሰኑ የስቱዲዮ ሪሎች ነው፤ ሙጫቸው እርጥበት ጠጥቶ ስለሚያጣብቅ ከ50 እስከ 55 ዲግሪ በሚሆን በጥብቅ በተያዘ ሙቀት ለብዙ ሰዓት ይደርቃሉ። ካሴቶች በዚህ በሽታ የሚያዙት እጅግ አልፎ አልፎ ነው። የቤት ምድጃ ደግሞ 50 ዲግሪን አያውቅም፤ 50 ላይ ያቆሙት ሲመስልዎ 80 ይደርሳል፣ ይቀዘቅዛል፣ እንደገና ይግላል። ለአምባሻ የሚስማማ ነው፤ ካሴት ግን ገላው ተጣሞ፣ ስፖንጇ ወድቃ ይወጣል። የሚያፏጭ ወይም የሚንቀራፈፍ ካሴት ካለ በመጀመሪያ ከዳር እስከ ዳር አንድ ጊዜ ማጠንጠን፣ ካልተስተካከለ ገላውን መቀየር ይቀድማል።

ካሴት ከሲዲ ይበልጣል በሚለው ላይ ከሰው ጆሮና ትዝታ ጋር አልጣላም። ጸሐፊው «ሙቀት ያለው ድምፅ» ያሉት ነገር በእርግጥ አለ፤ ክሩ ድምፅ ሲበዛበት በአንድ ጊዜ አይሰበርም፣ ቀስ ብሎ ይጠግባል፣ ሹል የሆነውን ያለሰልሳል፣ የራሱን ትንሽ ቅመምም ይጨምራል። መውደድ ይቻላል፤ ግን ቅመም ነው፣ የተቀዳው ነገር አካል አይደለም። ባለ 16 ቢት ሲዲ በጣም ጸጥ ባለውና በጣም በጮኸው ድምፅ መካከል 96 ዴሲቤል ያህል ቦታ ሲኖረው፣ ተራ ካሴት ያለ ዶልቢ ከ50 እስከ 55 ዴሲቤል ነው ያለው። የፍጥነት መዋዠቁ ደግሞ በጊታር ላይ ይደበቅ ይሆናል፤ ረጅም ትንፋሽ ባለው ዋሽንት ላይ ግን ራቁቱን ይወጣል። ጸሐፊው በሲዲ ላይ ያቀረቡት አቤቱታ አብዛኛው ሲዲው ከተሠራበት ቅጂ ጋር እንጂ ከሲዲው ጋር የሚያያዝ አይደለም። ከደከመ ካሴት ተቀድቶ የተሸጠ ሲዲ ከካሴቱ ተሽሎ ሊገኝ አይችልም።

ጸሐፊው በጭራሽ ያላነሱት፣ ከታይፑም ከስሙም በላይ ድምፁን የሚወስነው ነገር ግን የሄዱ አቋቋም ነው። የ10 ኪሎኸርዝ ድምፅ፣ ማለትም ከፍ ያለ ትሬብል፣ በካሴት ክር ላይ የሚይዘው ርዝመት 5 ማይክሮን እንኳን አይሞላም፤ የጸጉር ውፍረት አንድ አሥረኛ ማለት ነው። ሄዱ ከክሩ ጋር በትክክል ቀጥ ብሎ ካልቆመ፣ ወደ ጎን ያዘነበለው በዓይን የማይታይ ቢሆንም ትሬብሉ ይሄዳል። ሰው «ካሴቱ ታፈነ» ብሎ የሚያመጣልኝን አብዛኛውን ጊዜ የማድነው ምንም ሳልጨምር፣ ያቺን ትንሽ ብሎን በጆሮዬ እየሰማሁ፣ ካሴቱ ከተቀዳበት ቴፕ ሄድ ጋር እስኪገጥም ድረስ ሩብ ዙር በማዞር ነው። ድንገት መስኮት የተከፈተ ያህል ይሰማል። አንድ ሰው ለእሽግ ሜታል ካሴት ሊያወጣ ያሰበውን ገንዘብ ዴኩን ለሚያስተካክልለት ባለሙያ ቢከፍል፣ ተራ ካሴት ይዞ የተሻለ ይቀዳል። አዲስ ተራ ካሴት ደግሞ ዛሬም ይመረታል፤ አሜሪካ ሚዙሪ ውስጥ ናሽናል ኦዲዮ ካምፓኒ፣ ፈረንሳይ ውስጥ ሬኮርዲንግ ዘ ማስተርስ ይሠራሉ።

ይህ ከሆነ ዘንድ ባዶ ካሴት ፍለጋ የቤተሰብ ካሴት ማጥፋት የሚያስፈልግበት አንድም ምክንያት የለም። ጸሐፊው «ዘፈኖቹ ሁሉ በኢንተርኔት ይገኛሉ» ይላሉ። አይገኙም። ሸክላ ከገበያ ወጥቶ ካሴት ከተተካበት ጊዜ አንስቶ የወጡ ብዙ ሥራዎች ከካሴት በቀር ሌላ መኖሪያ የላቸውም። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 በካሴት ያወጣው የአኮርዲዮን ሥራ በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም ያወቀው አንድ የውጭ አገር ሰው ባሕር ዳር ላይ ካሴቱን አግኝቶ ስለገዛ ነው። ያንን ካሴት ቀድሞ ያገኘው «ስም ያለው ክር ነው» ብሎ የሚያጠፋ ሰው ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር መገመት አያቅትም።

ከዘፈኑ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ሽፋኑ የማይናገረው ነው። ስልክ ውድ፣ ደብዳቤ ዘግይቶ የሚደርስ በነበረበት ዘመን ብዙ ቤተሰብ ዋሽንግተን፣ ሮም ወይም ጅዳ ላለ ልጁ ቃሉን በካሴት ቀርጾ ይልክ ነበር፤ ባዶ ካሴት ሲጠፋ ደግሞ የተሰለቸ የዘፈን ካሴት ላይ ነበር የሚቀረጸው። አንዲት እናት ባለፈው ክረምት ካመጡልኝ አሥራ አንድ ካሴቶች መካከል ዘጠኙ ላይ የተጻፈው የዘፋኝ ስም ነበር። ከዘጠኙ በአንዱ ሁለተኛ ፊት፣ ከአምስተኛው ዘፈን መሐል ተቆርጦ፣ «ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል፣ እኛ ደህና ነን» የሚል የሽማግሌ ድምፅ ይጀምራል፤ ከበስተኋላው ዶሮ ይጮኻል፣ ሰውዬውም የእያንዳንዱን ጎረቤት ሰላምታ በስም እየጠሩ ያደርሳሉ። ካሴቱ ተራ ነው፤ ከርካሾቹ አንዱ ነው። የሽማግሌው ልጅ ያመጡልኝ እናት ናቸው፤ ያ ድምፅ በዚያ ላይ መኖሩን አያውቁም ነበር።

ስለዚህ ቤት ያለን ካሴት ቴፕ ውስጥ ከመክተትዎ በፊት፣ የመቅጃው ቁልፍ በስህተት እንኳን ቢነካ እንዳይሠራ፣ ከጀርባው ያሉትን ሁለት ትናንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ይስበሩ። ክሩ የሚታይበትን ጎን ወደ ታች፣ ኤ ሳይድን ወደ ራስዎ አድርገው ሲይዙት በስተግራ ያለችው ጥርስ የኤ ሳይድ ናት፣ የቀኟ የቢ። አንድ ቀን በእርግጥ ሊቀዱበት ከፈለጉ ቀዳዳውን በፕላስተር መሸፈን ይቻላል፤ ታይፕ ቱ ከሆነ ግን ከጥርሷ አጠገብ ያለችውን ሁለተኛ ቀዳዳ አይሸፍኑ፣ ዴኩ ዓይነቱን የሚለየው በእሷ ነውና። ከዚያ ሁለቱንም ፊት፣ ጸጥ ያለውን ክፍል ሳይዘሉ፣ ክሩ እስኪያልቅ ድረስ ይስሙት።